መርከቡ ይቅደም፣ አልጋው ይከተል

የግሪክን ደሴቶች ለማየት ላሰበ ሰው፤ መስመርን፣ ነፋስንና ማረፊያን ስለ መምረጥ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአቴና ወደብ በፒሬየስ፣ ከሜትሮ ጣቢያው የሚወጣው ሕዝብ ሻንጣውን እየጎተተ አስፋልቱን ያቋርጣል። «ኢ7» በተባለው በር ላይ አንድ ግዙፍ መርከብ የኋላ መዝጊያውን ወደ ምድር ዘርግቶ ቆሟል። ሁሉም የሚገባው በዚያው አንድ አፍ ነው፤ ሸቀጥ የጫነው የጭነት መኪናም፣ ሞተር ብስክሌቱም፣ ልጅ ያዘለው እግረኛም። ፊሽካ የያዘው ሠራተኛ መኪናውን በአንድ ወገን፣ ሰውን በሌላ ወገን ያስተናግዳል። ከውስጥ በሻንጣ መደርደሪያዎቹ ላይ የደሴቶች ስም ተለጥፏል፦ ፓሮስ፣ ናክሶስ፣ ሳንቶሪኒ። መንገደኛው ሻንጣውን በሚወርድበት ደሴት ስም ሥር አስቀምጦ ወደ ላይ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ መዝጊያው ይነሣል፣ ከተማዋ ወደ ኋላ ትቀራለች።

እዚህ መርከብ ላይ ቱሪስቱ እንግዳ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ጥቁር የለበሱት አሮጊት አቴና ሐኪም ዘንድ ቆይተው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ወታደሩ ፈቃድ አግኝቶ እናቱን ሊያይ ነው። ከታች የተደረደሩት የጭነት መኪናዎች መድኃኒት፣ ሲሚንቶና የቢራ ሳጥን ይዘዋል። አትራፊ ወዳልሆኑ ትናንሽ ደሴቶች የሚሄዱትን መስመሮች መንግሥት ገንዘብ እየደጎመ ያቆያቸዋል፤ መርከቡ ከቀረ ዳቦ ቤቱም ፋርማሲውም ባዶ ይሆናልና። የግሪክን ደሴቶች ለመጎብኘት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው። መርከቦቹ የሚሄዱት ሕዝቡ በሚኖርበት መስመር እንጂ እንግዳው በካርታ ላይ ባሰመረው አይደለም።

አገሪቱ ትልልቁንም ትንንሹንም ስትቆጥር 6,000 ያህል ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው 227 ናቸው። በቡድን በቡድን ይከፈላሉ። ነጫጭ ቤቶቻቸው በፖስት ካርድ ላይ የሚታዩት ሳይክላዲስ ከአቴና ደቡብ ምሥራቅ ይገኛሉ። ሮድስንና ቆስን የያዙት ዶዴካኒስ ወደ ቱርክ የባሕር ዳርቻ ተጠግተዋል። አረንጓዴዎቹ የኢዮንያን ደሴቶች በምዕራብ በኩል፣ ከጣሊያን ትይዩ ናቸው። የሳሮኒክ ደሴቶች ከአቴና ደርሶ ለመመለስ ይመቻሉ። ስፖራዲስና ሰሜን ኤጂያን ወደ ላይ ናቸው፤ ቀርጤስ ደግሞ ብቻዋን ትልቅ አገር ናት። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ የመርከብ መስመር አለው። ስህተት የሚጀምረውም ከሁለት ቡድን አንድ አንድ ደሴት መርጦ «ቅርብ ለቅርብ ናቸው» ሲባል ነው።

አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ምኞት

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ቤተሰብ እናስብ። እናት አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ወንድሟ ፍራንክፈርት። ሦስቱም በአንድ አገር ሊገናኙ ፈልገው፣ ለሁሉም መካከል ላይ የምትሆነውን ግሪክን መረጡ። ያላቸው ዐሥር ሌሊት ነው። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታልመው ሳንቶሪኒን ነው፤ ጀንበር ስትጠልቅ ከገደሉ ጫፍ ማየት ትፈልጋለች። እናት ደግሞ ምኞታቸው አንድ ነው፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን ፍጥሞን ተሳልመው መመለስ። ፍጥሞ ዛሬ ፓትሞስ ትባላለች።

በካርታ ላይ ሁለቱን ደሴቶች የሚለያቸው የጣት ስፋት ነው። ሳንቶሪኒ ግን የሳይክላዲስ፣ ፓትሞስ የዶዴካኒስ መስመር ላይ ናቸው። በመካከላቸው አልፎ አልፎ የሚያገናኝ መርከብ ቢገኝ እንኳ በተመኙት ቀን አይሆንም። ነገሩ ከጎንደር ጅማ በአውቶቡስ እንደ መሄድ ነው፤ የተለመደው መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ነው። የደሴቶቹ አዲስ አበባ ፒሬየስ ናት። ሁለቱንም ልየው ያለ ሰው ከዐሥሩ ቀን ሁለቱን በወደብና በመርከብ ላይ ያሳልፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደሴት መምረጥ ሳይሆን መስመር መምረጥ ነው። በሳይክላዲስ የተለመደው መንገድ ከፒሬየስ ወደ ፓሮስ፣ ከፓሮስ ወደ ናክሶስ፣ ከናክሶስ ወደ ሳንቶሪኒ ይወርዳል። በትልቁ መርከብ ከፒሬየስ ናክሶስ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሳንቶሪኒ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከፓሮስ ናክሶስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከናክሶስ ሳንቶሪኒ ሁለት ሰዓት ነው። በበጋ ከሳንቶሪኒ ወደ ቀርጤስ የሚሻገር ፈጣን መርከብ ስላለ፣ በአንድ በኩል ገብቶ ከቀርጤሷ ከተማ ከኢራክሊዮን በአውሮፕላን መውጣት ይቻላል። ወደ መጡበት አለመመለስ ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን ያተርፋል።

በዶዴካኒስም መስመሩ የታወቀ ነው፦ ፓትሞስ፣ ሌሮስ፣ ካሊምኖስ፣ ቆስ፣ ሮድስ። የሐዋርያት ሥራን ለሚያነብ ሰው ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን ቆስ፣ በማግሥቱ ሮድስ ደርሷል። ያን ጊዜ የነበረው የደሴቶቹ ሰልፍ አልተለወጠም፤ ዛሬም ፈጣኖቹ ጀልባዎች በዚያው ሰልፍ ይወርዳሉ።

ትልቁ መርከብ ወይስ ፈጣኑ

ትኬት ሲቆረጥ ሁለት ዓይነት መርከብ ይቀርባል። ትልቁ ዝግ ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጭ መቀመጥ ይቻላል፤ ደሴቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡና ሲሄዱ ይታያሉ። ፈጣኑ ሰዓቱን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይጠጋል፤ መንገደኛውም እንደ ልቡ ደጅ ሳይወጣ በወንበሩ ላይ ይደርሳል። ባሕሩ ሲናወጥ ይበልጥ የሚላጋው ይኸኛው ነው። ሆዱ በቀላሉ ለሚረበሽ ሰው፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ ትልቁ መርከብ ይሻላል። ትልቁ ላይ በመሐከለኛው ወለል፣ ከመርከቡ ወገብ አካባቢ መቀመጥ ንቅናቄውን ይቀንሳል።

ፒሬየስ ሰፊ ስለሆነች የበሩን ቁጥር ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። የሳይክላዲስ መርከቦች የሚነሡበት በር ከሜትሮው ፊት ለፊት ሲሆን ወደ ዶዴካኒስ የሚሄዱት ከሚነሡበት ከ«ኢ1» በእግር ሩቅ ነው፤ ወደቡ ውስጥ የሚመላለስ ነፃ አውቶቡስ አለ። ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰማያዊው የሜትሮ መስመር ከአየር ማረፊያው እስከ ፒሬየስ ሳይቀየር ያደርሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለአንድሮስ፣ ለቲኖስና ለሚኮኖስ ግን ለአየር ማረፊያው የሚቀርበው ራፊና የተባለው ወደብ ነው። ሚኮኖስ የሚሄድ ሰው ፒሬየስ ድረስ ተጉዞ ከሚጉላላ ራፊናን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መውረዱም የራሱ ሥርዓት አለው። መርከቡ በአንድ ደሴት የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። የደሴቲቱ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታችኛው ወለል መውረድ፣ ሻንጣን ይዞ መዝጊያው ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ያስፈልጋል። «ሲቆም እነሣለሁ» ያለ ሰው ቀጣዩ ደሴት ላይ ራሱን ያገኘዋል።

ነፋሱ የሚያዝበት ወቅት

በሐምሌና በነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነሣ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ሜልቴሚ ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እየበራ፣ ባሕሩ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ለሙቀቱ መድኃኒት ነው፤ ለመርሐ ግብር ግን ጠላት። ነፋሱ በቦፎርት መለኪያ 8 ሲደርስ የወደብ ባለ ሥልጣናት ትልልቆቹን መርከቦች ሳይቀር ያግዳሉ፤ ፈጣኖቹ ቀደም ብለው ይቆማሉ። እገዳው ከተጣለ መንገደኛው ገንዘቡን ያስመልሳል ወይም በሌላ ቀን ይሳፈራል። የሚያልፈውን የአውሮፕላን ትኬት ግን ማንም አይመልስለትም።

ለዚህ አንድ ሕግ አለ፤ የማይጣሰውም እሱ ነው። ወደ አገር ቤት የሚመልሰው አውሮፕላን ከሚነሣበት ቀን በፊት ያለውን ሌሊት አቴና ላይ ማደር። ከደሴት በጠዋት ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ በረራ እይዛለሁ ማለት ቁማር ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የኛ ሰው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ደሴት ላይ ጉዞን መጨረስ ሁለተኛው ባላ ነው። ናክሶስ፣ ፓሮስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ቆስና ሮድስ አውሮፕላን ያርፍባቸዋል። ፓትሞስ ላይ የለም፤ በባሕር ብቻ ይገባል፣ በባሕር ብቻ ይወጣል። ጳውሎስም ቀርጤስ ላይ ሳለ ወቅቱ አልፏልና አንነሣ ብሎ መክሮ ነበር። ያልሰሙት መርከበኞች መጨረሻቸው ማልታ ላይ የመርከብ ስባሪ ሆነ።

ነፋሱ ማረፊያንም ይመርጣል። ከሰሜን ስለሚነፍስ ወደ ደቡብ የተመለሱ የባሕር ዳርቻዎች ጸጥ ይላሉ። ሮድስ ላይ ምዕራባዊው ዳርቻ ነፋሻማ ነው፤ በሸራ ሰሌዳ ለሚንሸራተቱት ገነት፣ ሕፃን ይዞ ለመጣ ፈተና። ምሥራቁ ይረጋጋል። የሆቴሉ ሥዕል ላይ ነፋስ አይታይምና፣ ካርታ ላይ ፊቱ ወዴት እንደ ዞረ ማየት ይበጃል።

ጊዜውን በተመለከተ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ከዚያም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ይመረጣል። ከጥቅምት በኋላ ብዙ ሆቴሎች ይዘጋሉ፣ መርከቦችም ይቀንሳሉ። ፋሲካ ሌላ ዓለም ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ትንሣኤ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል፣ የሕማማቱን ሳምንት እዚያ የሚያሳልፍ ኢትዮጵያዊ በእንግዳ አገር በዓሉን አያጣውም። በፓትሞስ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የእግር አጠባው ሥርዓት በአደባባይ ይፈጸማል። ኮርፉ ላይ ደግሞ ቅዳሜ ረፋድ ሰዉ ከሰገነቱ ትልልቅ የሸክላ እንስራዎችን ወደ መንገድ ይወረውራል።

ነሐሴ አጋማሽን ግን ምክንያት ከሌለ መሸሽ ነው። ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ነው፤ እኛ ፍልሰታን ከመፍታታችን አንድ ሳምንት ቀድሞ መሆኑ ነው። በዚያን ሰሞን ግሪካዊ ሁሉ ወደ ትውልድ ደሴቱ ይመለሳል፤ መርከብም አልጋም ይጠፋል። ቲኖስ ላይ በ1823 ተገኘች የምትባለውን የማርያም ሥዕል ለመሳለም የሚመጡ ምእመናን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን አቀበት በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ። ይህን ለማየት የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

ሥዕሉ የማይነግረን

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። የሳንቶሪኒን ጉዳይ ቀድመን እንየው፤ ሰው ሁሉ ከዚያ ይጀምራልና።

ደሴቲቱ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ናት። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳው እሳት መካከሏ ሰጥሞ ባሕር ገባበት፤ የቀረው ጠርዝ እስከ 300 ሜትር የሚደርስ ገደል ሆነ። ፊራ፣ ኢሜሮቪግሊና ኢያ የተባሉት መንደሮች የተንጠለጠሉት በዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ዛሬ ለአንድ ሌሊት ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅባቸው ዋሻ መሰል ክፍሎች በፊት የድሆች ቤት ነበሩ። መርከበኛውና የቀን ሠራተኛው በለስላሳው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ቆፍሮ ይኖርባቸው ነበር፤ የመርከብ አዛዦቹ ቤት ከላይ ነበር። በሐምሌ 1956 እ.ኤ.አ. የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መንደሮቹን አፈራርሶ ብዙዎችን አሰደደ፤ ቱሪዝሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምድሪቱ ዛሬም አልተኛችም። በ2025 መጀመሪያ ላይ መንቀጥቀጥ በመደጋገሙ ከ10,000 በላይ ሰው ለጊዜው ደሴቲቱን ለቅቋል።

ገደሉ ላይ የሚያድር ሰው እይታውን ይገዛል፤ ደረጃንም አብሮ ይገዛል። ከመኪና መንገዱ እስከ ክፍሉ በር መቶ ደረጃ መውረድ ሊኖር ይችላል፤ ለእራት ሲወጡ ደግሞ መውጣት። የባሕር ዳርቻ የለም፤ ለመዋኘት በስተ ምሥራቅ ወዳሉት ካማሪና ፔሪሳ መሄድ ያስፈልጋል። እነዚህ ጥቁር አሸዋ ያላቸው ሜዳማ ሰፈሮች ናቸው፤ ማረፊያቸውም ይረክሳል። አውቶቡሶቹ ሁሉ ፊራ ላይ ስለሚገናኙ፣ ፔሪሳ አድሮ ለምሽቱ ፀሐይ ኢያ ለመድረስ ፊራ ላይ መቀየር ግድ ነው። የሚያዋጣው ሁለት ሌሊት ነው፤ የሽርሽር መርከብ ጎብኚዎች ማታ ወደ መርከባቸው ሲመለሱ መንደሩ ይተነፍሳል። ከ2025 ጀምሮ በቀን የሚወርዱት የሽርሽር መርከብ መንገደኞች ቁጥር በ8,000 እንዲወሰን ተደርጓል፤ የደሴቲቱ ነዋሪ ግን 15,000 ገደማ ብቻ ነው።

ናክሶስ የሳንቶሪኒ ተቃራኒ ናት። ከሳይክላዲስ ሁሉ ትልቋ ስትሆን፣ ዛስ የተባለው ተራራዋ 1,004 ሜትር ከፍታ አለው። እርሻ አላት፤ ድንችዋና አይብዋ በመላው ግሪክ ይታወቃሉ። መርከቡ ወደብ ሲገባ በቅድሚያ የሚታየው ፖርታራ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ የአፖሎ ቤተ መቅደስ የእብነ በረድ በር። እዚህ አልጋ ለመያዝ ምርጫው ሦስት ነው። ሆራ በምትባለው ዋና ከተማ ያደረ ወደቡም፣ ምግብ ቤቱም፣ አውቶቡሱም እግሩ ሥር ነው። አጊዮስ ጆርጆስ የባሕር ዳርቻ ከከተማዋ በእግር ይደረሳል፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ልጆች ላሏቸው ይመቻል። አጊያ አናና ፕላካ ረጅም አሸዋ አላቸው፤ ከከተማዋ ግን በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። ዝነኛ እይታ የላትም፤ አራትና አምስት ሌሊት ግን ሳታሰለች ታስተናግዳለች።

ፓትሞስ ላይም ምርጫው እንዲሁ ይከፈላል። ስካላ ወደቧ ናት፤ ሜዳማ፣ ምግብ ቤት የሞላባት። ሆራ ከላይ ኮረብታው ላይ፣ ገዳሙን ከብባ የተሠራች ጥንታዊ መንደር ናት፤ ጠባብ መንገዶቿ ውብ ናቸው፣ አቀበት ግን አለባቸው። ግሪኮስ ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። የቅዱስ ዮሐንስን ገዳም በ1088 የመሠረተው ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ ነው። ራእዩ የታየበት ዋሻ በስካላና በሆራ መካከል ይገኛል፤ ሁለቱም ከ1999 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናቸው። ከፒሬየስ የሚነሣው ትልቁ መርከብ ብዙ ጊዜ ስካላ የሚደርሰው በእኩለ ሌሊትና ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ ከመንከራተት የመጀመሪያውን ሌሊት ወደቡ አጠገብ መያዝ ይሻላል። ብዙ የግሪክ ገዳማት ቀትር ላይ በራቸውን ስለሚዘጉ መሳለሚያው በጠዋት ነው፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ ለዚህም ነጠላ ይበቃል።

ሮድስ ለኢትዮጵያዊ ሌላም የምትነግረው አላት። የድሮዋ ከተማ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ከ1309 እስከ 1522 የኖሩባት በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። የታላቁ አዛዥ ቤተ መንግሥት ግን ዛሬ በሚታይበት መልኩ የተሠራው በ1930ዎቹ መጨረሻ በጣሊያኖች ነው። የዶዴካኒስ ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ በጣሊያን እጅ ነበሩ፤ ያ ቤተ መንግሥት ሲገነባ አዲስ አበባም በዚያው ጦር ተይዛ ነበር። በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ደሴቶቹን ለግሪክ ሰጠ፤ በዚያው ሰነድ ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት አረጋግጣ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በግንቡ ውስጥ የሚያድር ሰው ማታ ማታ ይህን ሁሉ በእግሩ ይዞራል፤ መኪና እንደ ልብ ስለማይገባ ግን ሻንጣውን በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይጎትታል።

ፔንሲዮን፣ ስቱዲዮ ወይስ ሆቴል

በደሴቶቹ የቆየው ማረፊያ የቤተሰብ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ ከታች ትኖራለች፣ ከላይ አምስት ስድስት ክፍል ታከራያለች። ብዙዎቹ ስቱዲዮ የሚሉት ትንሽ ማእድ ቤት ያለው ክፍል አላቸው። ለሚጾም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግሪክ ጾም ኦክቶፐስንና ስኩዊድን ስለሚፈቅድ «የጾም» ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ ለእኛ አይሆንም። በሌላ በኩል በዘይት የተሠራ ባቄላ፣ ፋሶልያ፣ የወይን ቅጠል ጥቅልና የዱር ጎመን በየምግብ ቤቱ አለ። ሲፍኖስ ላይ ሽምብራ በሸክላ ድስት ሌሊቱን በምድጃ አድሮ እሑድ ይበላል። የሳንቶሪኒ ፋቫ ደግሞ ከጓያ ዘመድ ጥራጥሬ የሚሠራ ቢጫ የክክ ገንፎ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ዘይት ጣል ተደርጎበት ሲቀርብ ለኢትዮጵያዊ ምላስ እንግዳ አይሆንም።

ቀብድ ከመላኩ በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋሉ። ከመኪና መንገዱ እስከ በሩ ስንት ደረጃ ነው? ከወደቡ በእግር ስንት ደቂቃ? ከመርከብ የሚቀበለን ሰው አለ? በእኩለ ሌሊት ብንደርስ የሚከፍትልን ማን ነው? መርከብ ቢታገድ ገንዘባችን ይመለሳል? ብዙ ባለ ፔንሲዮኖች ራሳቸው ወደብ ድረስ መጥተው እንግዳ ይወስዳሉ፤ ታዲያ የመርከቡን ስምና ሰዓት መላክ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ፤ ትኬቱ 07:30 ሲል በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

በድረ ገጽ ላይ የሚታየው ዋጋም መጨረሻው አይደለም። ግሪክ ለአየር ንብረት አደጋ መቋቋሚያ የምትለው ክፍያ አላት፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው እዚያው እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ለአንድ ክፍል በሌሊት 5 ዩሮ፣ ባለ አራት 10፣ ባለ አምስት 15 ዩሮ ያስከፍላል። በአጭር ጊዜ ኪራይ ለሚሰጥ አፓርታማ 8 ዩሮ ነው፤ ዝቅ ባሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት ኮከብ ሆቴሎች ግን 2 ዩሮ ብቻ። ባለ አራት ኮከብ ውስጥ ዘጠኝ ሌሊት ያደረ ሰው 90 ዩሮ ሳያስበው ይወጣበታል። ከዚህ ሌላ፣ በብዙ ደሴቶች የመጸዳጃ ወረቀት የሚጣለው ቅርጫት ውስጥ ነው፤ የሚጠጣውም የታሸገ ውሃ።

ቪዛው ቀኑን ይወስናል

ልጅቷ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላት ለ90 ቀን ቪዛ አያስፈልጋትም። ወንድሟ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃዱ ይገባል። የጉዞውን ቀን የሚቆርጠው የእናት ቪዛ ነው። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይፈለጋል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ስለዚህ ለጳጉሜን የሚሄድ ሰው ወረቀቱን በሚያዝያ ቢጀምር አይፈጥንም። ማመልከቻው የየሌሊቱን ማረፊያ ስለሚጠይቅ፣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አልጋ ብቻ መያዝ ይገባል። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ መክፈል ልጆች ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቪዛው ከተከለከለ ግን ኪሳራው የቤተሰቡ ነው።

ታዲያ ይህ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ፍልሰታ ተፈቶ፣ ነፋሱ በርዶ፣ ዋጋ መውረድ በጀመረበት በነሐሴ መጨረሻ ይነሡ። አንድ ሌሊት አቴና፤ በማግሥቱ በአውሮፕላን ቆስ፣ እዚያ ወደቡ አጠገብ አንድ ሌሊት። ከቆስ በፈጣኑ ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘው ፓትሞስ፣ ስካላ ላይ ሜዳው ላይ ሦስት ሌሊት፤ ወደ ገዳሙ በታክሲ፣ በዋሻው ጥቂቱን ደረጃ በልጅ ክንድ ተደግፎ። ከዚያ በመስመሩ ወደ ታች ሮድስ፣ አራት ሌሊት፤ በመጨረሻ በአውሮፕላን አቴና አንድ ሌሊት። ዐሥር ሌሊት ሞላ፤ እንቁጣጣሽን በየቤታቸው ያከብራሉ። ሳንቶሪኒ በዚህ ውስጥ የለችም። ልጅቷ ወጣት ናት፤ ሌላ ዓመት ከጓደኞቿ ጋር በናክሶስ በኩል ትደርስባታለች። የእናት ጉልበት ግን የዛሬውን ያህል ሁልጊዜ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ የሚበጀው ምክር ቁጥርን መቀነስ ነው። አንድ ደሴት በተጨመረ ቁጥር ግማሽ ቀን ለማሸግ፣ ለመጠበቅና ለመጓጓዝ ይሄዳል፤ በዐሥር ሌሊት አምስት ደሴት ያየ ሰው ያየው አምስት ወደብ ነው። መጀመሪያ መስመሩን ይያዙ፣ ቀጥሎ የመርከቡን ሰዓት፣ ከዚያ የሚያድሩበትን ሰፈር፣ ሥዕሉን መጨረሻ ይመልከቱ። ለዐሥር ሌሊት ሁለት ደሴት ይበቃል፤ ሦስተኛዋን የሚጨምሩት መስመሩ ላይ ከሆነች ብቻ ነው።